«ይላመዳሉ» የምትባለው ገዳይ ቃል

ለጌጥ የሚሆን ዓሣ በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ገዥና ሻጭ ሲነጋገሩ የሰማ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል። ገዥው ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ «ይኼ ቀዩ ከዚያ ከጥቁሩ ጋር መኖር ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ መረቡን እያነሳ «ችግር የለውም፣ ይላመዳሉ» ይላል። ዓሣዎቹ ውሃ በያዘ ፌስታል ይታሰራሉ፤ ሒሳብ ይከፈላል፤ ነገሩ አለቀ።

ግን አላለቀም። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ዓሣ ክንፉ ተበጣጥሶ ከፊልተሩ ጀርባ ይደበቃል። በሦስተኛው ሳምንት ሁለቱ ትንንሾች የሉም፤ ሬሳቸውም አይገኝም። በአራተኛው ሳምንት የቀሩት ጨው የተነሰነሰባቸው ይመስል ገላቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያወጣሉ። ገዥው ወደ ሱቁ ይመለሳል። «በሽታ ነው» ይባላል። መድኃኒት ይገዛል፤ የሞቱትን የሚተኩ ሌሎች ዓሣዎችም ይገዛል። እነሱም «ይላመዳሉ»።

በሽታ አይደለም። ወይም በሽታው የመጨረሻው ምዕራፍ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ነጩን ነጠብጣብ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ በረታ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የተሸነፈ፣ የተራበ፣ የበረደው ወይም እንቅልፍ ያጣ ዓሣ ላይ ነው። ዓሣውን እዚያ ደረጃ ያደረሰው ደግሞ ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱን የመረጠለትም ሰው ነው። በየቤቱና በየሆቴሉ መግቢያ በሚቆሙት አኳሪየሞች ውስጥ ከሚሞቱት ዓሣዎች ስንቱ ነው በምርጫ ስሕተት ሞቶ በበሽታ የተመካኘው? ዓሣ መናገር ቢችል ኖሮ ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ይደርስ ነበር።

ከሁሉ በፊት ጎልድፊሽን እንመልከት፤ በብዛት የሚሸጠውም በብዛት የሚበደለውም እሱ ነው። ጎልድፊሽ በቻይና ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲረባ የኖረ፣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃዋል። ሱቅ ውስጥ አውራ ጣት ያህል ሆኖ ይታያል፤ በደንብ ከተያዘ ግን ክብ ሆዱ እንኳ 15 እና 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ቀጭኑ ዝርያ 30 ይጠጋል። ብዙ ይበላል፤ ብዙም ያስወጣል። ከአጠገቡ በሌላ ፌስታል የሚታሰረው ቤታ ደግሞ የታይላንድ ሞቃት ረግረግ ልጅ ነው፤ ከ25 ዲግሪ በታች ሲሆን ይፈዛል፣ መብላት ያቆማል። ሁለቱን አንድ ውሃ ውስጥ ያደረገ ሰው ከሁለት አንዱን ማሰቃየቱ የግድ ነው። ውሃውን ካሞቀ ጎልድፊሹ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ካቀዘቀዘ ቤታው ይታመማል። መሐል ላይ ልያዘው ካለ ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ በድሏል። ይህ የጠባይ ጉዳይ አይደለም፤ ሊላመዱትም አይችሉም። ሰውነታቸው የተሠራበት ልክ ነው።

ሁለተኛው ውሃው ራሱ ነው። ብዙ ሰው ውሃ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ኒዮን ቴትራ የመጣችው ከአማዞን ተፋሰስ ነው፤ እዚያ ውሃው ለስላሳ፣ ማዕድኑ ትንሽ፣ ወደ አሲድ ያዘነበለ ነው። የማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶች ደግሞ ማዕድን በበዛበት፣ ፒኤች ወደ 8 በሚጠጋና ከዚያም በሚያልፍ ውሃ የኖሩ ናቸው። ኒዮኗን እዚያ ማስገባት የደጋ ሰው ያለ ውሃና ያለ ጥላ አፋር በረሃ ላይ አውርዶ «ትለምደዋለህ» እንደማለት ነው። ተጨማሪም መዘዝ አለው። ከዓሣ ሽንትና ከተረፈ ምግብ የሚወጣው አሞኒያ ፒኤች ከፍ ባለ ውሃ ውስጥ ይበልጥ መርዛማ ይሆናል። ስለዚህ በአንዱ ውሃ ውስጥ ዓሣ የቻለው ቆሻሻ በሌላው ውሃ ውስጥ ይገድለዋል።

ሦስተኛው አፍ ነው። የአኳሪየም ሕግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለል ቢባል ይኸው ነው፦ አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ምግብ ነው። ኦስካር ሱቅ ውስጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ሆኖ ዓይኑ የሚያሳዝን ውብ ዓሣ ነው። በዓመት ገደማ 25 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያም 30ን ያልፋል፤ አብረውት የተገዙትን ጋፒዎች አንድ በአንድ ይውጣቸዋል። ኤንጅል ፊሽ ጭምት ይመስላል፤ ሲያድግ ግን ሦስት ሴንቲ ሜትር የምትሆነዋን ኒዮን ሌሊት ላይ ይለቅማታል። በተፈጥሮም ምግቡ እንደዚያ ያለ ትንሽ ዓሣ ነው። «መስታወት ያጸዳል» እየተባለ የሚሸጠው ፕሌኮ አብዛኛውን ጊዜ 30 እና 40 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ዝርያ ነው። ጽዳት ሠራተኛ ተብሎ የተቀጠረው ከቤቱ ሊበልጥ ምንም አይቀረው። ሬሳቸው ያልተገኘው ሁለቱ ትንንሾች የት እንደሄዱ ያልገባው ሰው የትልቁን ሆድ ይይ።

አራተኛው ቁጥር ነው፤ እዚህ ላይ ስሕተቱ እጅግ የተለመደ ነው። ገዥው ውበት ይፈልጋል፤ ውበት ለእሱ ዓይነቱ መብዛቱ ነው። ስለዚህ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ያስገባል። የኖኅ መርከብ ይሠራል። ኖኅ እንኳ ወደ መርከቡ ዓሣ አላስገባም። ኒዮን ቴትራ በመንጋ የሚኖር ዓሣ ነው፤ ስድስትና ከዚያ በላይ ካልሆነ ፍርሃት ይበላዋል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ጥግ ይዞ ይቆማል። ሁለት ኒዮን ማለት ሁለት እስረኛ ነው። ነብር መሳይ መስመር ያለው ታይገር ባርብ ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። ሁለት ሦስት ሆኖ ከገባ የኤንጅል ፊሹን ረጃጅም ክንፍ ይነጫል፤ የቤታውን ጭራ ይበጣጥሳል። ስምንት፣ አሥር ሆኖ ከገባ ግን ጠቡን እርስ በርሱ ይጨርሰዋል፤ ሌላውን ለመንካት ጊዜ አያገኝም። ያም ሆኖ ረጅም ክንፍ ካለው ጋር ባይሆን ይመረጣል። «ተንኳሽ ዓሣ ስለሆነ አንድ ብቻ ግዛ» የሚለው ምክር ስንት ጊዜ ነገሩን አባብሶታል? ሰላም የሚመጣው ብቸኛ በማድረግ ሳይሆን የሚገባውን ወገን በመስጠት የሆነበት ጊዜ አለ።

አሁን ተቃውሞው ይመጣል። «በሐይቅና በወንዝ ውስጥ ሁሉም አብረው ይኖሩ የለም እንዴ? ማን መረጠላቸው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም እዚሁ ቅርብ፣ ጣና ላይ አለ። በጣና ሐይቅ ውስጥ ዓሣ አስጋሪዎች በጅምላ ነጭ ዓሣ የሚሏቸው፣ ሳይንስ ግን ወደ 15 ዝርያ የሚለያቸው ዓሣዎች ይኖራሉ። በዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ለይቷቸው ለብቻቸው የተባዙ ናቸው። እንዴት አልተጠፋፉም? ተከፋፍለው ነው። አንዱ ዳር ዳር ይኖራል፤ ሌላው ጥልቁን ይዟል። አንዱ ከጭቃው ትል ይለቅማል፤ ሌላው ቅጠል ይበላል፤ ስምንት ያህሉ ደግሞ ሌላ ዓሣ ያድናሉ። ከፊሎቹ ለመራባት በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ይህንን ድልድል የሠራው ረጅም ዘመን ነው፤ የሚካሄደውም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ውሃ ላይ ነው። የተሸነፈው ዓሣ ይሸሻል፤ ሲሸሽም የሚደርስበት ቦታ አለ።

60 ሊትር መስታወት ውስጥ ግን ሽሽት የለም። አኳሪየም ማለት መውጫ በር የሌለው ቤት ነው። የታይላንድ ቤታ ሩዝ በሚዘራበት ረግረግ ውስጥ ሲጣላ ተሸናፊው ዞር ብሎ ይሄዳል፤ ጠቡም በዚያው ያበቃል። ሁለት ወንድ ቤታ በአንድ መስታወት ውስጥ ሲገቡ ግን ተሸናፊው የሚሄድበት የለውም፤ አሸናፊው ደግሞ ተቀናቃኙ ከፊቱ እስካልጠፋ ድረስ ማሸነፉን አያውቅም። ስለዚህ እስከ ሞት ይቀጥላል። አውሬ ስለሆነ አይደለም። በሩን ስለዘጉበት ነው። ተፈጥሮ ውስጥ ድልድሉን የሠራው ዘመን ከሆነ፣ መስታወት ውስጥ ድልድሉን የሚሠራው ዓሣውን የገዛው ሰው ነው። ያንን ሥራ ሳይሠራ «ይላመዳሉ» ያለ ሰው ኃላፊነቱን ለዓሣዎቹ አሸክሞ ሄዷል።

የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ከሌላው በበለጠ መጠንቀቅ አለበት፤ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ በውጭ አገር ቪዲዮ ላይ «ለ100 ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ይበቃል» የተባለው ቁጥር ባሕር ዳርቻ ላለ ከተማ የተቆጠረ ሊሆን ይችላል። እዚህ ከዚያ መቀነስ እንጂ መጨመር አያዋጣም። ሁለተኛ፣ መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው ብቻ አይደለም የሚቆመው። ፊልተሩ ውስጥ የሚኖሩት፣ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎችም ኦክስጅን ያጣሉ። እነዚያን ባክቴሪያዎች ለማርባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ለመጉዳት ጥቂት ሰዓታት ይበቃሉ። በዓሣ የተጨናነቀና ሞቃት ውሃ የግድ የሚሹ ዝርያዎች የሞሉበት አኳሪየም አንድ ረጅም ሌሊት ይጥለዋል።

«ታዲያ ዓሣ አይደል? ምን ይኼን ያህል ያስጽፋል?» የሚልም አይጠፋም። አገር በሌላ ጭንቀት ላይ እያለች ስለ ጎልድፊሽ ማውራት ቅብጠት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ለዚህ ሰው መልሱ ከአኳሪየም በጣም የሚበልጥ አንድ ውሃ ነው፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ናይል ፐርች የሚባለው፣ ርዝመቱ እስከ 2 ሜትር የሚደርሰው አዳኝ ዓሣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ገባ። ያስገቡት ሰዎች ሐሳባቸው ክፉ አልነበረም፤ ትንንሾቹን «እርባና ቢስ» ዓሣዎች የሚበላና ለገበያ የሚሆን ትልቅ ዓሣ ፈለጉ። የተቃወሙ ባለሙያዎች ነበሩ፤ አልተሰሙም። በ1980ዎቹ ናይል ፐርቹ ሐይቁን አጥለቀለቀው። በሐይቁ ብቻ ይኖሩ ከነበሩት ትንንሽ ሲክሊዶች 200 ያህል ዝርያ እንደጠፋ ይገመታል። ለመጥፋቱ የሐይቁ መቆሸሽና ሌላም ምክንያት ተጨምሮበታል፤ አዳኙ ግን ዋናው ነበር። እርግጥ ነው፣ ናይል ፐርች ወደ ውጭ እየተላከ ብዙ ገንዘብ አምጥቷል፤ ብዙ ሰውም እንጀራ በልቶበታል። የጠፋው ዝርያ ግን በየትኛውም ገንዘብ አይገዛም። ከተረፉት ዝርያዎች አንዳንዶቹ የኖሩት ሰዎች ቀድመው አውጥተው በአኳሪየም ስላረቧቸው ነው።

ነገሩ ይበልጥ የሚገባው ግን ይህን ሲያስቡት ነው። ያው ናይል ፐርች በጫሞ ሐይቅ የአገሩ ልጅ ነው። እዚያ ከቀረሶውም ከአምባዛውም ጋር ዘመናትን ኖሯል፤ አዞውም አብሯቸው አለ። ማንም «አጥፊ» ብሎ አልጠራውም። አርባ ምንጭ የሄደ ሰው በልቶት ጣቱን ይልሳል። ዓሣው አንድ ነው፤ አፉም አንድ፣ ጠባዩም አንድ። የተለየው ያለ ዝግጅት ያገናኘው ሰው እጅ ብቻ ነው። «ክፉ ዓሣ» የሚባል የለም፤ ያለቦታው የገባ ዓሣ አለ፤ ያለቦታው ያስገባውም ሰው አለ።

አኳሪየሙና ሐይቁ የሚገናኙበት አጭር መንገድም አለ። ያለ አቅሙ የተገዛው ኦስካር ሲያድግ፣ ፕሌኮው መስታወቱን ሲሞላ፣ ባለቤቱ ሊገድለው አንጀቱ አይችልም። ወስዶ ወንዝ ውስጥ ይለቀዋል፤ ምሕረት ያደረገ ይመስለዋል። በሜክሲኮ ከአኳሪየም ንግድ የመጡ የፕሌኮ ዝርያዎች ግድብ ውስጥ ተባዝተው የዓሣ አስጋሪዎችን መረብ ሞልተዋል። በሰሜን አሜሪካና በአውስትራሊያ የተጣሉ ጎልድፊሾች ሐይቅ ያደፈርሳሉ። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭስ ከየት መጣ? ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ በዓለም ዙሪያ ያዞረውም አበባው ለኩሬ ጌጥ መወደዱ ነው። «ምን ያመጣል» ተብሎ ውሃ ውስጥ የተጣለ ጌጥ ምን እንደሚያመጣ ጎርጎራና ደንቢያ ያሉ ገበሬዎችና ዓሣ አስጋሪዎች በእጃቸው እየነቀሉ አይተውታል። ከዚህ በኋላ በጣና ዳርቻ አንድ ሰው የሰለቸውን አዳኝ ዓሣ ቢለቅ፣ ከእነዚያ የትም ከሌሉ 15 ዝርያዎች የቱ እንደሚተርፍ ማን ዋስ ይሆናል?

ታዲያ አኳሪየም ይቅር? አይቅር። በአግባቡ የተያዘ አኳሪየም ለልጅ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ያስተምራል። የሚቀረው «ይላመዳሉ» ነው። በቦታውም አምስት ጥያቄ ይግባ፦ ይህ ዓሣ ሲያድግ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሆናል? ስንት ዲግሪ ውሃ ይፈልጋል? ለስላሳ ነው ወይስ ማዕድን የበዛበት ውሃ? ብቻውን ነው ወይስ በመንጋ የሚኖረው? ከላይ፣ ከመሐል ወይስ ከሥር ነው የሚውለው? አምስቱን የማይመልስ ሻጭ የሚሸጠውን አያውቀውም። አምስቱን የማይጠይቅ ገዥም የሚገዛው ዓሣ ሳይሆን የሁለት ሳምንት ትርዒት ነው። በየመስታወቱ ላይ ከዋጋው አጠገብ እነዚህን አምስት መልሶች በወረቀት ጽፎ መለጠፍ ለነጋዴው የእስክሪብቶ ወጪ ነው። የማይለጥፈው ከበደው ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የሚሞት ዓሣ ተመላሽ ደንበኛ ያመጣል።

ለምሳሌ ማሞቂያ የሌለው ሰው 100 ሊትር ውሃ ቢኖረው አሥር ዜብራ ዳኒዮና ስድስት ነጠብጣባም ኮሪዶራስ ይበቁታል። ዳኒዮው ከላይ ይሯሯጣል፤ ኮሪዶራሱ ከሥር አሸዋ ይፈትሻል፤ ሁለቱም ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ባለው ውሃ ደስ ብሏቸው ይኖራሉ፤ አንዱ የሌላው አፍ ውስጥ አይገባም። ዳኒዮው የደቡብ እስያ ነው፤ ኮሪዶራሱ የደቡብ አሜሪካ። ዘመድ አይደሉም፤ ተያይተውም አያውቁም። በአንጻሩ የማላዊ ሐይቅ ሁለት ወንድ ሲክሊዶች፣ የአንድ ሐይቅ፣ የአንድ ዝርያ፣ ምናልባትም የአንድ እናት ልጆች፣ ጠባብ መስታወት ውስጥ አንዲት ድንጋይ ላይ ተጣልተው ይገዳደላሉ። አብሮ መኖር የሚቻለው ትውልድ አንድ ስለሆነ አይደለም፤ የማይቻለውም ስለተለያየ አይደለም። ለሁሉም የሚበቃ ቦታ፣ የሚስማማ ውሃና የማይጋጭ ጥቅም ስላለ ወይም ስለሌለ ነው። ያንን ቀድሞ ማስላት ደግሞ የዓሣው ሥራ ሆኖ አያውቅም።

አበው «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይላሉ። በአኳሪየም ውስጥ አናቱ መስታወቱን ከውጭ የሚያየው ሰው ነው። ውሃው ሲደፈርስ፣ ክንፉ ሲበጣጠስ፣ ትንንሾቹ ሲጠፉ «እነዚህ ዓሣዎች አይስማሙም» ማለት ይቀለዋል። መጀመሪያ ግን ይመልስ፤ አንድ ላይ ያስገባቸው ማን ነው?